ጥለቱ እንዳይጠፋ፦ የኤችዲአር ቀረጻን በመደበኛ ቪዲዮ ውስጥ የማስገባት አሠራር

የሠርግ፣ የጥምቀት ወይም የምረቃ ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ራሱ በካሜራ የቀረጸው ሁሉ ደህና ሆኖ ሳለ፣ የሙሽራዋ ወንድም በስልኩ ቀርጾ የሰጠው ክሊፕ ታይምላይኑ (በማቀናበሪያ ሶፍትዌሩ ውስጥ ክሊፖች የሚደረደሩበት መስመር) ላይ ሲያርፍ መልኩ ይለወጣል። ነጠላው ሁሉ ወጥ ነጭ ይሆናል፤ ጥለቱ ይጠፋል፤ የሽማግሌዎቹ ግንባር ያብረቀርቃል። በሌላ ክሊፕ ላይ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ምስሉ አመድ የተነፋበት ይመስላል፤ ቀዩ ምንጣፍ ይገረጣል፣ የፊት ወዝ ይጠፋል። በዚህ ጊዜ የብዙ ሰው እጅ ቶሎ ብሎ የሚሄደው ወደ ኤክስፖዠር (የምስሉ ብርሃን መጠን) ነው። ነጩ ወደ ታች ሲጎተት ግን ግራጫ ይሆናል እንጂ ጥለቱ አይመለስም።

ጥለቱ ፋይሉ ውስጥ አለ። ክሊፑ የተቀረጸው በኤችዲአር ማለትም በሰፊ የብርሃን ክልል ሲሆን፣ የተቀመጠው ግን በመደበኛው የኤስዲአር ታይምላይን ላይ ነው። በሁለቱ መካከል መደረግ የነበረበት ልወጣ ወይ አልተደረገም፣ ወይ በተሳሳተ መንገድ ተደርጓል፣ ወይም ሁለት ጊዜ ተደርጓል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚዞረው በአንድ ነገር ዙሪያ ነው፦ የክሊፑን ማንነት ለሶፍትዌሩ በትክክል መንገር፣ ልወጣውን አንድ ጊዜ ብቻ ማድረግ፣ የደማቁን ክፍል እርማትም ከልወጣው በፊት መጨረስ።

ሁለቱ ምልክቶች ከየት ይመጣሉ?

መደበኛው ቪዲዮ ሬክ 709 ወይም ቢቲ 709 በሚባለው የ1990 ዓለም አቀፍ ደረጃ ይመራል። የዚህ ደረጃ ሥራ በሚታረምበት ሞኒተር ላይ ከፍተኛው ነጭ 100 ኒት (ኒት የብሩህነት መለኪያ ነው) ብሩህነት አለው። ኤችዲአር በ2016 በወጣው ቢቲ 2100 (ሬክ 2100) ሥር ሁለት የብርሃን ኩርባዎች አሉት። አንደኛው ፒኪው ይባላል፤ ዶልቢ ያበጀው ሲሆን በ2014 ኤስቲ 2084 ተብሎ ደረጃ ወጥቶለታል፤ እስከ 10,000 ኒት ይዘልቃል። ሁለተኛው ኤችኤልጂ ነው፤ የብሪታኒያው ቢቢሲና የጃፓኑ ኤንኤችኬ ለቴሌቪዥን ሥርጭት በጋራ ያዘጋጁት ነው። ከአይፎን 12 ጀምሮ ያሉ የአፕል ስልኮች በኤችዲአር ሲቀርጹ የሚጠቀሙት ዶልቢ ቪዥንን ነው፤ መሠረቱ ግን ኤችኤልጂ ነው። የሳምሰንግ ስልኮች ኤችዲአር 10 ፕላስ ደግሞ በፒኪው ላይ ይቆማል።

አሁን ቁጥሩን ልብ ይበሉ። በኤችዲአር አሠራር የተለመደው ነጭ፣ ማለትም ወረቀት ወይም ነጠላ፣ የሚቀመጠው 203 ኒት ላይ ነው። በኤችኤልጂ ይህ ነጥብ ከሲግናሉ 75 በመቶ፣ በፒኪው ደግሞ 58 በመቶ ግድም ላይ ይውላል። ሶፍትዌሩ ፋይሉን ምንም ሳይለውጥ እንደ ሬክ 709 ካነበበው፣ ከላይ ሊሆን የሚገባው ነጭ 75 ወይም 58 ላይ ይቀራል፤ አመዱ የሚመጣው ከዚህ ነው። የቀለም ክልሉም ሰፊው ሬክ 2020 ስለሆነ፣ በጠባቡ ክልል ሲነበብ ቀለሙ ሁሉ ይሳሳል። ሶፍትዌሩ ማንነቱን አውቆ፣ ነገር ግን ከ100 ኒት በላይ ያለውን ሳያሰባስብ ዝም ብሎ ከቆረጠው፣ 203 ላይ የነበረው ነጠላ ከነጥለቱ ከጣሪያው በላይ ይወጣና ይቃጠላል። የመጀመሪያው በሽታ ልወጣ ማጣት ነው፤ ሁለተኛው ደማቁን የሚያሰባስበው ሥራ፣ ቶን ማፒንግ የሚባለው፣ መጉደሉ ነው። መድኃኒታቸውም ይለያያል።

ደረጃ 1፦ ኦሪጅናሉን ማግኘት

ግማሹ ችግር የሚፈጠረው ፋይሉ ኮምፒውተር ላይ ከመድረሱ በፊት ነው። ቴሌግራም ቪዲዮን እንደ ቪዲዮ ሲልክ ይጨምቀዋል፤ በጭመቃው መካከል 10 ቢት የነበረው የቀለም ጥልቀት 8 ቢት ሊሆን፣ ኤችዲአር መሆኑን የሚናገረው መለያም ሊወድቅ ይችላል። ዋትሳፕም ከዚህ አይሻልም። ስለዚህ ላኪውን እንዲህ ይጠይቁት፦ በአይፎን ፎቶስ ውስጥ ክሊፑን ከፍቶ «ሼር» ከዚያም «ሴቭ ቱ ፋይልስ» ይበል፤ ቀጥሎ በቴሌግራም «ፋይል» በሚለው በኩል ይላከው። በነጻው ቴሌግራም አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ያልፋል። ከዚያ የሚበልጠውን በጎግል ድራይቭ ማስተላለፍ ይቻላል።

ሰውየው አጠገብዎ ካለና ማክ ካለዎት ኤርድሮፕ ይቀላል፤ ግን ከመላኩ በፊት «ኦፕሽንስ» ውስጥ ገብቶ «ኦል ፎቶስ ዳታ» የሚለውን ያብራ። በኬብል ወደ ዊንዶውስ የሚገለብጡ ከሆነ፣ በስልኩ የፎቶስ ሴቲንግ መጨረሻ ላይ «ትራንስፈር ቱ ማክ ኦር ፒሲ» የሚል አለ። እዚያ «ኪፕ ኦሪጅናልስ» ይመረጥ። «አውቶማቲክ» ሆኖ ከቀረ ስልኩ በገዛ ፈቃዱ ሊለውጠው ይችላል፤ ያኔ የሚደርስዎት ክሊፕ የማን እጅ እንደነካው አይታወቅም።

ዘመድ ከባሕር ማዶ የላከውን እንደገና በሌላ መንገድ እንዲልክ መጠየቅ ይከብዳል፤ ሰው ይሰለቻል። ቢሆንም አንድ ጊዜ አስረድቶ መጠየቅ፣ የተጨመቀውን ሲያክሙ ከማምሸት ይቀላል።

ደረጃ 2፦ መታወቂያውን ማንበብ

ምስሉን አይቶ መገመት አይበቃም። ሚዲያኢንፎ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ይጫኑና ክሊፑን ይክፈቱበት። ከሚዘረዝረው ብዙ ነገር የሚፈልጉት አራት መስመር ብቻ ነው፦ የቢት ጥልቀቱ 8 ነው ወይስ 10፤ የቀለም ክልሉ ቢቲ 709 ነው ወይስ ቢቲ 2020፤ «ትራንስፈር ካራክተሪስቲክስ» በሚለው ፊት ኤችኤልጂ፣ ፒኪው ወይስ ቢቲ 709 ተጽፏል፤ «ኤችዲአር ፎርማት» የሚል መስመርስ አለ?

10 ቢት፣ ቢቲ 2020፣ ኤችኤልጂ እና ዶልቢ ቪዥን ካዩ ጤነኛ የአይፎን ኦሪጅናል ነው። ለኤስዲአር ሥራ የዶልቢ ቪዥን ተጨማሪ መረጃ አያስፈልግዎትም፤ በየትኛውም ሶፍትዌር ኤችኤልጂ ብሎ መምረጥ ይበቃል። ፒኪው ካዩ በምርጫዎቹ ውስጥ ኤስቲ 2084 የሚለውን ይይዛሉ። ሁሉም ቢቲ 709 ሆኖ ምስሉ ግን የገረጣ ከሆነ፣ መለያው በመንገድ ላይ ጠፍቷል ማለት ነው፤ ለእሱ ከታች ራሱን የቻለ ክፍል አለ።

ክሊፖቹን ወደ ኤዲቲንግ ከማስገባትዎ በፊት በማንነታቸው ለይተው በየፎልደሩ ያስቀምጡ፦ ኤችኤልጂ ለብቻ፣ ፒኪው ለብቻ፣ መደበኛው ለብቻ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ በኋላ ግን እርማትን በጅምላ ለመጫን የሚያስችለው ይህ መለየት ነው።

ደረጃ 3፦ የሚያዩበትን ስክሪን ማስተካከል

በዊንዶውስ ላይ የስክሪኑን የኤችዲአር ሁነታ ያጥፉ፤ ለኤስዲአር ሥራ ዓይንን ከማታለል ሌላ ጥቅም የለውም። ከ2021 ወዲህ በወጡት ባለ 14 እና 16 ኢንች ማክቡክ ፕሮዎች ላይ በዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ ለኤችዲ ቴሌቪዥን ቪዲዮ የተዘጋጀ፣ ቢቲ 709 የሚል ቅድመ ምርጫ አለ፤ እሱን ይያዙ። ማታ ማታ ስክሪኑን የሚያሞቀውን ናይት ላይት፣ በማክ ደግሞ ትሩ ቶንን ማጥፋትም አይርሱ።

ደረጃ 4፦ በዳቪንቺ ሪዞልቭ

ነጻው እትም ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጉትን የቀለም መሣሪያዎች ስለያዘ፣ ብዙ ስልኮች ለሚቀላቀሉበት የሠርግ ሥራ የምመርጠው ሪዞልቭን ነው። ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱን ይምረጡ እንጂ አይቀላቅሉ።

የመጀመሪያው መንገድ ፕሮጀክቱ በሙሉ ቀለምን እንዲያስተዳድር ማድረግ ነው። ታችኛው ቀኝ ጥግ ካለው የጥርስ ጎማ (ጊር) ምልክት «ፕሮጀክት ሴቲንግስ» ይክፈቱ፣ «ከለር ማኔጅመንት» ይግቡ። «ከለር ሳይንስ» የሚለውን ወደ «ዳቪንቺ ዋይአርጂቢ ከለር ማኔጅድ» ይለውጡ። «አውቶማቲክ» የሚለውን ምልክት ያንሱ፤ በ«ከለር ፕሮሰሲንግ ሞድ» ላይ ኤችዲአር ዳቪንቺ ዋይድ ጋመት ኢንተርሚዲየት የሚለውን፣ በ«አውትፑት ከለር ስፔስ» ላይ ሬክ 709 ጋማ 2.4 (ጋማ የብርሃን ኩርባው ነው) ይምረጡ። ስሙ ላይ ኤችዲአር መኖሩ አያስደንግጥዎት፤ የሥራ ክልሉ ሰፊ ይሁን ማለት ነው፣ የሚወጣው ኤስዲአር ነው። እንዲህ ሲሆን እርስዎ የሚያርሙት ሁሉ በሰፊው ክልል ውስጥ ይደረጋል፤ ቶን ማፒንጉ የሚመጣው በመጨረሻ መውጫው ላይ ነው። ነጠላውን ዝቅ ሲያደርጉት ጥለቱ ይዞ ይወርዳል። መለያው የጠፋ ክሊፕ ካለ በሚዲያ ፑል ውስጥ በቀኝ ተጭነው «ኢንፑት ከለር ስፔስ» በሚለው ሥር ሬክ 2100 ኤችኤልጂ ወይም ሬክ 2100 ኤስቲ 2084 ብለው በእጅ ይነግሩታል።

ሁለተኛው መንገድ አብዛኛው ቀረጻ መደበኛ ሆኖ ጥቂት የስልክ ክሊፖች ብቻ ሲኖሩ የሚመች ነው። ፕሮጀክቱን እንደ ተለመደው በዳቪንቺ ዋይአርጂቢ ይተዉትና፣ በከለር ገጽ ላይ ከኢፌክቶች ውስጥ «ከለር ስፔስ ትራንስፎርም» የሚባለውን ለብቻው በአንድ ኖድ (አንድ የቀለም እርማት የሚያርፍበት ሳጥን) ላይ ያስቀምጡ። አሞላሉ እንዲህ ነው፦ የመግቢያ ከለር ስፔስ ሬክ 2020፤ የመግቢያ ጋማ ሬክ 2100 ኤችኤልጂ፤ የመውጫ ከለር ስፔስ ሬክ 709፤ የመውጫ ጋማ 2.4፤ የቶን ማፒንግ ዘዴ ዳቪንቺ። ከፍተኛ የመግቢያ ብሩህነት የሚለውን አብርተው 1000 ኒት ይስጡት፤ ለመውጫው 100። ቀያይ ጥልፎችና የቤተ ክርስቲያን ጃንጥላዎች ቀለማቸው ከፈሰሰ፣ በጋመት ማፒንግ ላይ «ሳቹሬሽን ኮምፕሬሽን» ያብሩ።

እዚህ ላይ የኖዶቹ ቅደም ተከተል ሁሉንም ይወስናል። የኤክስፖዠርና የነጭ ሚዛን እርማት ያለበት ኖድ ከልወጣው በፊት ይምጣ፤ የመልክ ማሳመሪያው፣ ለካሜራው ቀረጻ የተጠቀሙበት ሉት (የተዘጋጀ የቀለም መለወጫ ፋይል) ካለም እሱ፣ ከልወጣው በኋላ። ልወጣው ደማቁን ክፍል አሰባስቦ ስለሚያጨናንቀው፣ ከእሱ በኋላ ጌይን (የደማቁን ክፍል ማስተካከያ) ቢቀንሱ የተጨናነቀውን ነው የሚያጨልሙት። ከልወጣው በፊት በጥቂቱ ዝቅ ቢያደርጉት ግን ነጠላው ላይ ያለው እጥፋት፣ የፈትሉ መስመር፣ የጥለቱ ወርቃማ ክር አንድ በአንድ ይወጣል። ልዩነቱን ለማየት አንድ ክሊፕ ላይ ሁለቱንም ይሞክሩ፤ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሃምሳ ክሊፕ ላይ ኖድ እየገለበጡ አይድከሙ። ኤችኤልጂ የሆኑትን ሁሉ መርጠው በቀኝ ተጭነው አዲስ ግሩፕ ውስጥ ያስገቡ። ከዚያ ከኖዶቹ መስኮት በላይ ካሉት ምርጫዎች «ግሩፕ ፖስት ክሊፕ» የሚለውን ይክፈቱና ልወጣውን እዚያ ያስቀምጡ። «ፕሪ ክሊፕ» ውስጥ ካስቀመጡት ልወጣው ይቀድምና የየክሊፑ እርማት ከኋላው ይወድቃል፤ ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ ማለት ነው። በ«ፖስት ክሊፕ» ሲሆን ግን እያንዳንዱን ክሊፕ ለብቻው በ«ክሊፕ» ደረጃ ያርማሉ፣ ልወጣው ለሁሉም በጋራ ከኋላ ይመጣል።

ደረጃ 5፦ በፕሪሚየር ፕሮና በፋይናል ከት

በፕሪሚየር የሲኩዌንሱ የሥራ ክልል ሬክ 709 መሆኑን ያረጋግጡና «አውቶ ቶን ማፕ ሚዲያ» የሚለውን ያብሩ። እንደ እትሙ በሲኩዌንስ ሴቲንግስ ወይም በሉሜትሪ ከለር የሴቲንግስ ክፍል ውስጥ ያገኙታል። ነጠላው ሲነድ የነበረው ክሊፕ ወዲያው ይሰበሰባል። የቶን ማፒንግ ዘዴ ምርጫ ሲሰጥዎ «ባይ ቻነል» እያንዳንዱን ቀለም ለየብቻ ስለሚጨምቅ የጧፍ ነበልባልን ወደ ነጭ ይገፋዋል፤ «ሂው ፕሪዘርቬሽን» የቀለሙን ዓይነት ይጠብቃል። ለካህናት ካባና ለወርቅ ጥልፍ ሁለተኛው ይሻላል፤ ለፊት ግን አንዳንዴ ደረቅ ያደርጋል፣ ሁለቱንም አይቶ መምረጥ ነው።

በስፋት የሚሠራበት አንድ አቋራጭ አለ፦ በክሊፑ ላይ በቀኝ ተጭኖ «ሞዲፋይ» ውስጥ የሚዲያውን ከለር ስፔስ በግድ ሬክ 709 ማድረግ። ቃጠሎው እርግጥ ይጠፋል። ያደረጉት ነገር ግን ኤችኤልጂውን ኤችኤልጂ አይደለም ብሎ መካድ ነው፤ ስለዚህ በቃጠሎው ፈንታ አመዱ ይመጣል፣ ከዚያ ቀለምና ኮንትራስት እየጨመሩ ሲያባርሩት የፊት ቀለም ወደ ብርቱካናማ ይሄዳል። ለአንድ የቸኮለ ዜና ያገለግል ይሆናል፤ ለሠርግ አልመክረውም። ያው ማውጫ በትክክል የሚጠቅመው በተቃራኒው ነው፦ መለያው የጠፋበትን ክሊፕ ሬክ 2100 ኤችኤልጂ ብሎ ለመመለስ።

ፋይናል ከት ከ10.6.6 እትም ወዲህ «ከለር ኮንፎርም» በሚለው ራሱ ይለውጣል፤ ላይብረሪውና ፕሮጀክቱ «ስታንዳርድ» ሬክ 709 መሆናቸውን ማየት ብቻ ነው። በአሮጌ እትም ላይ ያለ ሰው ከኢፌክቶች «ኤችዲአር ቱልስ» የሚለውን ክሊፑ ላይ ጥሎ ከኤችኤልጂ ወደ ሬክ 709 የሚለውን ይመርጣል።

ደረጃ 6፦ በስኮፕ መለካት

ዓይን አምስት ደቂቃ ካየው ጋር ይላመዳል፤ ዌቭፎርሙ፣ ማለትም የምስሉን ብሩህነት በመቶኛ የሚያሳየው ስኮፕ (መለኪያ)፣ አይላመድም። ከልወጣ በኋላ በፀሐይ ያለ ነጠላ ከ85 እስከ 95 በመቶ መካከል ቢውል ደህና ነው። 100ን መንካት የሚፈቀድለት የሚያብለጨልጨው ብቻ ነው፦ የመስቀሉ ጫፍ፣ የመኪናው መስተዋት፣ ነበልባሉ። ነጠላው 75 ላይ ተኝቶ ካገኙት ልወጣው አልተደረገም ብለው ይጠርጥሩ፤ ቁጥሩ ከላይ ከተነሳው የኤችኤልጂ ነጭ ጋር መግጠሙ በአጋጣሚ አይሆንም።

ለፊት እኔ የምይዘው መስመር ለጠይም ከ40 እስከ 55 በመቶ፣ ለጠቆረ ፊት ከ30 እስከ 45 ነው። በነጭ ቆዳ ላይ ተመሥርተው የተጻፉ መመሪያዎች ፊትን 60 እና 70 ላይ ያስቀምጣሉ፤ ያንን ተከትሎ የእኛን ሰው ፊት ወደ ላይ መግፋት ወዙን ያጠፋዋል፣ አጠገቡ ያለውንም ነጠላ ያቃጥለዋል። የቀለሙ ዓይነት ግን በቬክተርስኮፕ (የቀለም ዓይነትን በሚያሳየው መለኪያ) ላይ ለጠይሙም ለቀዩም ከአንድ የቆዳ መስመር አይርቅም፤ ስለዚህ ያንን መስመር ያለ ስጋት ይከተሉት።

ደረጃ 7፦ ከካሜራው ቀረጻ ጋር ማዛመድ

ብርሃኑ ከተስተካከለ በኋላም የስልኩ ምስል ከካሜራው አጠገብ ሲቆም ይለያል። ስልክ ጥላውን ያነሳል፣ ጠርዙን ያሾላል። ስለዚህ የስልኩን ክሊፕ ማለስለስ እንጂ ካሜራውን ማሾል አይሞከር፤ በሪዞልቭ «ሚድቶን ዲቴይል» ጥቂት ወደ ኔጌቲቭ መውሰድ ይበቃዋል። ጥቁሩንም በትንሹ ዝቅ ያድርጉ፤ የጥቁር ሱፍ ልብስ በስልክ ቀረጻ ብዙ ጊዜ ጥቁር ግራጫ ሆኖ ይመጣል። በድንኳን ውስጥ የተቀረጸ ከሆነ የሸራው ቀለም ፊት ላይ ስለሚወርድ መጀመሪያ የነጭ ሚዛኑን ይያዙ።

ኮምፒውተርዎ ስለሚዘገይ ፕሮክሲ (ለኤዲቲንግ ብቻ የሚያገለግል ቀላል ቅጂ) የሚሠሩ ከሆነ አንድ ወጥመድ አለ። በሌላ ፕሮግራም የተሠራ ፕሮክሲ ኤችዲአሩን ቀድሞ ወደ ኤስዲአር ለውጦት ሊሆን ይችላል። እርስዎ በፕሮክሲው ላይ ያርሙታል፤ ኤክስፖርት ሲደረግ ሶፍትዌሩ ወደ ኦሪጅናሉ ይመለስና ሌላ ቀለም ይወጣል። የቀለም ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ፕሮክሲውን አጥፍተው አብርተው ያወዳድሩ፤ ምስሉ ከተለወጠ ቀለሙን በኦሪጅናሉ ላይ ብቻ ያርሙ።

በመንገድ ላይ የተጎዳ ክሊፕ

ላኪው ኦሪጅናሉን አጥፍቶት፣ እጅዎ ላይ ያለው በቴሌግራም የተጨመቀው ብቻ ከሆነ፣ ምንም ሳይነኩት ዌቭፎርሙን ይመልከቱ። የላይኛው ጫፍ 100 ላይ በመቀስ የተቆረጠ ያህል ቀጥ ያለ መስመር ከሆነ፣ አንዱ ፕሮግራም በመንገድ ላይ ያለ ቶን ማፒንግ ቆርጦታል። ያ ጥለት የለም። ጌይኑን ትንሽ ዝቅ አድርገው፣ ክሊፑን አሳጥረው፣ ሰፊ ቀረጻ ከሆነ በሌላ ሸፍነው ይለፉት።

ጫፉ ያልተቆረጠ፣ ከ70ዎቹ ግድም በላይ እየሳሳ የሚሄድ ከሆነ ግን ኤችኤልጂው ሳይለወጥ መለያው ብቻ ወድቋል። ከላይ እንደተባለው በእጅ ሬክ 2100 ኤችኤልጂ ብለው ይንገሩት፤ ቀለሙና ነጩ ወደ ቦታቸው ይመጣሉ። 8 ቢት ስለሆነ እያንዳንዱ ቀለም ያለው ደረጃ 256 ብቻ ነው፤ ኦሪጅናሉ 10 ቢት ሳለ 1024 ነበረው። በመሆኑም ሰማይና የግድግዳ ጥላ ላይ የመስመር ቅርጽ ሊታይ ይችላል፤ ጥቂት ግሬይን ቢጨምሩበት ይሸፈናል።

ሦስተኛ ዓይነትም አለ፦ ሲላክ በትክክል ወደ ኤስዲአር ተለውጦ የደረሰ። ሚዲያኢንፎ ቢቲ 709 ይላል፣ ምስሉም ጤነኛ ነው። ይህን እንደ ማንኛውም መደበኛ ክሊፕ ይያዙት። ከስልክ የመጣ ነው ብለው ልወጣ ከጫኑበት ሁለተኛ ልወጣ ይሆንና ምስሉ ይበላሻል። በተለይ በግሩፕ ሲሠሩ እንዲህ ያለው ክሊፕ ተደባልቆ ይገባል፤ በደረጃ 2 ላይ በፎልደር ለዩ ያልኩት ለዚህ ነው።

ደረጃ 8፦ ኤክስፖርትና የመጨረሻ ፍተሻ

ለኤስዲአር ኤች.264 በ8 ቢት ይበቃል። ዩቲዩብ ለ1080ፒ ኤስዲአር የሚመክረው ቢትሬት በሴኮንድ እስከ 30 ፍሬም ላለው 8 ሜጋቢት፣ 60 ፍሬም ላለው 12 ሜጋቢት ነው፤ ለቤተሰቡ በፍላሽ የሚሰጠውን ከዚህ ከፍ ቢያደርጉት አይጎዳም።

በማክ ላይ በሪዞልቭ የሚሠራ ሰው ኤክስፖርት ያደረገው በኩዊክታይም ሲከፈት ከታይምላይኑ ይልቅ ሊገረጣበት ይችላል። ይህ የኤችዲአር ጉዳይ አይደለም፤ ኩዊክታይም የሬክ 709ን ጋማ የሚያነብበት መንገድ ነው። በዴሊቨር ገጽ ውስጥ የጋማ መለያውን ሬክ 709-ኤ ማድረግ በማክ ላይ ያቀራርበዋል። ቪዲዮው የሚሄደው ወደ ቴሌቪዥን ጣቢያ ከሆነ ግን ይህን አይንኩት፤ ጣቢያው በጠየቀው ልክ ይስጡ።

ኤክስፖርቱ ሲያልቅ ፋይሉን እንደገና በሚዲያኢንፎ ይክፈቱ። የቀለም ክልል፣ ትራንስፈርና ማትሪክስ ሦስቱም ቢቲ 709 ማለት አለባቸው፤ «ኤችዲአር ፎርማት» የሚለው መስመር መኖር የለበትም። ታይምላይኑ ኤስዲአር ሆኖ መለያው ኤችኤልጂ ሆኖ ከወጣ፣ ዩቲዩብ ኤችዲአር ነው ብሎ ያምነዋል፤ ተመልካቹ ቤትም ቴሌቪዥኑ ሁነታውን ይቀይርና ልፋትዎ ሁሉ ይዛባል። በአይፎን ላይ ሲከፍቱት ስክሪኑ በድንገት ቦግ ካለ ያው ምልክት ነው፤ ወደ ኤክስፖርት ሴቲንጉ ተመልሰው የከለርና የጋማ መለያዎቹን «ሴም አዝ ፕሮጀክት» ወይም በቀጥታ ሬክ 709 ያድርጓቸው። በስተመጨረሻ በርካሽ አንድሮይድ ስልክና በአንድ ተራ ቴሌቪዥን ላይ ይዩት፤ አብዛኛው ዘመድ የሚያየው በእነዚህ ነው።

ከሚቀጥለው ቀረጻ በፊት

ረዳትዎ ወይም ዘመድ በአይፎን እንደሚቀርጽ ቀድመው ካወቁ፣ ሴቲንግስ፣ ካሜራ፣ ሪኮርድ ቪዲዮ ገብቶ «ኤችዲአር ቪዲዮ» የሚለውን ማጥፋት ይቻላል። እዚያው ገጽ ላይ «ሾው ፓል ፎርማትስ» አለ፤ የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በአዳራሽ ውስጥ በ25 ፍሬም መቅረጽ ብልጭ ድርግም የሚለውን ይቀንሳል።

ሁልጊዜ ግን አጥፉት አልልም። ለዜናና በዚያው ቀን ለሚወጣ አጭር ቪዲዮ ይጥፋ። የጥር ፀሐይ በነጭ ልብስ ላይ በሚያርፍበት በጥምቀት ሜዳ ግን፣ ፋይሉን በትክክል እንደሚያገኙትና እንደሚለውጡት እርግጠኛ ከሆኑ፣ ይብራ፤ በኤስዲአር ቢቀረጽ ስልኩ ራሱ ቆርጦ የሚጥለውን የነጠላ ዝርዝር ኤችዲአሩ ይዞልዎት ይመጣል። ከአይፎን 15 ፕሮ ጀምሮ ያለው አፕል ሎግ የሚባል የቀረጻ ኩርባ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ኤችኤልጂ ብለው ቢለውጡት አይሆንም፣ በመግቢያ ጋማው ላይ አፕል ሎግ የሚለውን መምረጥ ያስፈልጋል፤ ፎልደሩም ለብቻው ይሁን።